የፒዲኤች አንቲቦዲዬ 75 እና 130 ላይ ወፍራም ባንድ ያወጣል፣ 43 ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ምን ይሻለኛል?

የቀሃዋ፦
ሰላም የላብ ሰዎች። ጎንደር ላይ የማስተርስ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። በስትሬፕቶዞቶሲን ስኳር ያስያዝናቸው ስዊስ አልቢኖ አይጦች አሉኝ። ከፊሎቹ የአንድ ቅጠል ኤክስትራክት ይጠጣሉ። የትኛው ቅጠል እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ገና አልታተመም። ጉበታቸው ውስጥ ፒሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ፣ በአጭሩ ፒዲኤች፣ ምን ያህል እንዳለና ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ በፎስፌት እንደተዘጋ ማየት ነው የምፈልገው።

የምሠራው በዌስተርን ብሎት ነው፦ ፕሮቲኖቹ ጀል ላይ በክብደት ይለያዩና ወደ ሜምብሬን ይሻገራሉ፣ አንቲቦዲ የያዘው ፕሮቲን ባንድ ሆኖ ይታያል። ፕራይመሪዬ፣ ማለትም ፕሮቲኑን በቀጥታ የሚይዘው አንቲቦዲ፣ የጥንቸል ሞኖክሎናል ነው፣ የፒዲኤችን ኢ1 አልፋ የሚባለውን ክፍል የሚይዝ። ወረቀቱ ላይ 43 ኪሎዳልተን፣ አንድ ባንድ ይላል። እኔ ጋ የሚወጣው ሌላ ነው። 75 አካባቢ ወፍራም ባንድ፣ 130 አካባቢ ሌላ ወፍራም ባንድ፣ 43 ላይ ያለችው ደግሞ ዓይን አፍጥጠው ካላዩዋት የማትታይ ጭረት። በጤነኛውም በታመመውም አይጥ ያው ነው።

አሠራሬ ይኸው። የጉበት ላይሴት (በፈር ውስጥ የተፈጨ ጉበት) በየጉድጓዱ 30 ማይክሮግራም፣ 10 በመቶ ጀል፣ ናይትሮሴሉሎስ ሜምብሬን፣ ብሎኪንግ 5 በመቶ የዱቄት ወተት። ፕራይመሪ 1 ለ1000 ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ። ከዚያ ላባችን ውስጥ የነበረ ባዮቲን የተለጠፈበት ሰከንደሪ (ፕራይመሪውን የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ)፣ በላዩ ስትሬፕታቪዲን ኤችአርፒ (ባዮቲንን የሚይዝ ፕሮቲን፣ ኤችአርፒ የሚባል ኢንዛይም የተለጠፈበት)፣ መጨረሻ ላይ ኢሲኤል (ኤችአርፒው ብርሃን የሚያወጣበት ፈሳሽ)። በየጉድጓዱ የገባው ፕሮቲን እኩል መሆኑን ለመቆጣጠር ያው ሜምብሬን የፊተኛው አንቲቦዲ እንዲለቅ ታጥቦ የቤታ አክቲን አንቲቦዲ ይደረግበታል።

ዕቃው ከአዲስ አበባ ሲመጣ መንገድ ላይ ቆይቷል። ሳጥኑን ስከፍተው በረዶው ውሃ ሆኗል። አድቫይዘሬ "ተበላሽቷል፣ ሌላ እዘዢ" ብለውኛል። በየትኛው ዶላር? እባካችሁ፣ ከመጣሌ በፊት አንድ በሉኝ።

አዘዞ_ሰፈር፦
እህቴ አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እዚህ አገር አንቲቦዲ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው ቱቦው ሳይሆን በረዶው ነው።

እኔ የምለው፣ 75ቷ ኢ2 ብትሆንስ? ፒዲኤች ብቻውን የሚኖር ፕሮቲን አይደለም። ኢ1፣ ኢ2፣ ኢ3 ተሰባስበው የሚሠሩት ትልቅ ኮምፕሌክስ ነው፣ ኢ2 ደግሞ ጀል ላይ 70 አካባቢ ይወርዳል። አንቲቦዲሽ ዘመድ አዝማዱን ጎትቶ አውጥቶ ይሆናል። 130ዋን ግን እኔም አላውቃትም።

ጋሼ_ላብ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ቱቦውን አትጣይ።

አይጂጂ፣ አንቲቦዲሽ የተሠራበት ፕሮቲን፣ እንደምታስቢው ልፍስፍስ አይደለም። ጥቂት ቀን በክፍል ሙቀት ቢቆይ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። እኔ በላብ ሥራ ሳረጅ በሙቀት ከሞተ አንቲቦዲ ይልቅ እየቀዘቀዘ እየቀለጠ የሞተ ነው ያየሁት። መብራት ይሄዳል፣ ፍሪዘሩ ይቀልጣል፣ መብራት ይመጣል፣ መልሶ በረዶ ይሆናል። ይህ ነው የሚገድለው። ራሱን በራሱ በረዶ የሚያራግፍ ፍሪዘር ካላችሁማ መብራት ሳይሄድም ይኸንኑ ያደርገዋል። ስለዚህ ቱቦው እንደደረሰ ወረቀቱን አንብቢ። ግማሹ ግሊሰሮል ከሆነ በ20 ከዜሮ በታች በረዶ አይሆንም፣ እንዳለ አስቀምጪው። ግሊሰሮል ከሌለው በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ አስቀምጪና አንዷን አውጥተሽ ጨርሺ።

1 ለ1000 የቀጠነችውን ፕራይመሪ ደጋግመሽ መጠቀም ከፈለግሽ ሶዲየም አዛይድ 0.02 በመቶ አድርጊባት፣ አትሸትም። ስትሬፕታቪዲን ኤችአርፒው ውስጥ ግን አንድ ጠብታ እንዳትገባ! አዛይድ ኤችአርፒን ያፍነዋል። የኛንም ሚቶኮንድሪያ እንደዚያው፣ አራተኛውን ኮምፕሌክስ ነው የሚይዘው፣ በጓንት ያዢው። ሲንክ ውስጥ አይደፋም፣ የመዳብና የእርሳስ ቧንቧ ውስጥ ሲጠራቀም የሚፈነዳ ነገር ይሠራል።

ሌላ። ፕሮቶኮሉ "95 ዲግሪ 5 ደቂቃ አፍሉ" ይላል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እዚህ 93 አካባቢ ላይ ይፈላል። ሂት ብሎኩን 95 ላይ አድርገሽ ቱቦዎቹን ስትተያቸው ክዳናቸው ጧ እያለ ይከፈታል፣ ናሙናው ይተናል፣ ከዚያ "ለምን ጉድጓዶቼ እኩል አልሆኑም" ትያለሽ። 70 ዲግሪ 10 ደቂቃ ይበቃል። ክዳን መያዣም ግዙ።

ባንድ_አዳኝ፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ችግሯ ግን አንቲቦዲው አይመስለኝም። ሰከንደሪሽ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

የቀሃዋ፣ ጉበት ላይ ነው የምትሠሪው። ጉበት በሚቶኮንድሪያ የተሞላ ነው። ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ደግሞ በተፈጥሯቸው ባዮቲን የተለጠፈባቸው ኢንዛይሞች አሉ። ፒሩቬት ካርቦክሲሌዝ 130 ኪሎዳልተን ነው። የፕሮፒዮኒል ኮኤ ካርቦክሲሌዝ አልፋ ክፍልና የሜቲልክሮቶኒል ኮኤ ካርቦክሲሌዝ አልፋ ክፍል ሁለቱም 75 አካባቢ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ወፍራም ባንድ ተደርበው ይታያሉ። አሁን ቁጥሮችሽን መልሰሽ እይ። 75 እና 130።

ስትሬፕታቪዲን ባዮቲኑ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ሰከንደሪሽ ላይ ያለውንም ይይዛል፣ የጉበቱን የራሱንም ይይዛል። ባዮቲንን አንዴ ከያዘ ደግሞ የሚለቅ ነገር አይደለም፣ በተፈጥሮ ከሚታወቁት ጠንካራ ትስስሮች አንዱ ነው። ስለዚህ እነዚህ ባንዶች ሳይጠሩ መጥተው ከፊት የሚቀመጡ እንግዶች ናቸው፣ የጋበዝሻት 43 በር ላይ ቀርታለች። እነሱ በጣም ስለሚደምቁ ፎቶውን ቶሎ ታቆሚዋለሽ፣ እሷ ሳትወጣ። በዚያ ላይ ወተት ራሱ ባዮቲን አለው። ስትሬፕታቪዲኑን ወተት ውስጥ ከሆነ የምታቀጥኚው ከፊሉ እዚያው ሥራ ፈትቶ ይቀራል።

አዘዞ_ሰፈር፣ ኢ2 አይመስለኝም። ኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚፈታ ሳሙና) ያለበት ጀል ላይ ኮምፕሌክሱ ተበትኗል፣ ኢ2 ከኢ1 ጋር ተያይዞ አይወርድም። ደግሞ በክርክር አይለይም፣ በመቀስ ይለያል። አንድ ናሙና በሰፊ ጉድጓድ ጫኚ፣ ሜምብሬኑን ቁልቁል ቁረጪው። አንዱ ቁራጭ ሁሉንም ያግኝ። ሁለተኛው ፕራይመሪ አይንካው። ሦስተኛው ስትሬፕታቪዲን ብቻ። አራተኛው ኢሲኤል ብቻ። ሦስተኛው ላይ 75 እና 130 ከታዩ አንቲቦዲሽ ነፃ ነው፣ አድቫይዘርሽም ዶላር መፈለጉን ይተዉት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ኤችአርፒ በቀጥታ የተለጠፈበት ጸረ ጥንቸል ሰከንደሪ። ባዮቲን የለ፣ ስትሬፕታቪዲን የለ።

የቀሃዋ፦
ባንድ_አዳኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ ስልህ! ሦስተኛውን ቁራጭ ማንም አስተምሮን አያውቅም። "ያለ ፕራይመሪ" የሚባለውን ብቻ ነው የምናውቀው፣ እሱንም ጀል ሲተርፍ ነው የምንሠራው። ሰኞ እቆርጠዋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎንም እግዜር ይስጥልኝ፣ የክዳኑ ነገር እኛ ጋ በየቀኑ ነው።

ፓቶሎጂስቱ፦
ይህ ነገር እኛ ጋ የቆየ በሽታ ነው። ቲሹ ላይ በአቪዲንና ባዮቲን ዘዴ ቀለም ስታወጡ ጉበትና ኩላሊት ያለ ምንም አንቲቦዲ ቡናማ ይሆናሉ። ሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ደቀቅ ያለ ነጠብጣብ፣ ልክ ሚቶኮንድሪያ የሚመስል። የሚመስል ብቻ አይደለም፣ ነው። ለዚህ ነው የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲን ለሚፈልግ ሰው በጣም አታላይ የሚሆነው፦ ስህተቱ ራሱ ትክክለኛ ቦታ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ተማሪው "አንቲቦዲዬ ሚቶኮንድሪያ ላይ አረፈ" ብሎ ደስ ይለዋል። አንቲጅን ለማውጣት በሙቀት ስትቀቅሉት ደግሞ ይብስበታል። እኛ አሁን ፖሊመር ላይ የተለጠፈ ኤችአርፒ ነው የምንጠቀመው።

ስለ መቀቀል ከተነሳ፣ ጋሼ_ላብ ስለ 93 ዲግሪ ያሉት ለኛም ይሠራል። በተከፈተ ድስት ሲትሬት በፈር እያፈላችሁ "98 ላይ ነው ያደረግነው" ብላችሁ አትጻፉ፣ እዚህ ከተማ አይሆንም። ፕሬዠር ኩከር ግዙ፣ ፒያሳ ይሸጣል፣ ሽሮ የሚሠራበት ያው ራሱ።

የኢ2 ነገር ስለተነሳ አንዲት ጨዋታ ልጨምር። የመጀመሪያ ደረጃ ቢሊያሪ ኮላንጃይቲስ የሚባል የጉበት በሽታ አለ። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ደም ውስጥ ጸረ ሚቶኮንድሪያ አንቲቦዲ ይገኛል፣ ዋና ዒላማው ደግሞ ይኸው የፒዲኤች ኢ2 ነው። ምርመራው የአይጥ ኩላሊት ቁራጭ ላይ በፍሎረሰንስ ይታያል። እኛ በብዙ ዶላር የምንገዛውን የሰው ገላ በነፃ ይሠራዋል፣ ለክፋቱ።

ፒያሳ_ኬሚስት፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ቤታ አክቲን 42 ኪሎዳልተን ነው። ኢ1 አልፋ 43። ያው ሜምብሬን ላይ፣ ታጥቦ፣ አንዱ በሌላው ቦታ! ፕራይመሪው በደንብ ካልለቀቀ የምታይው የማን ባንድ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? እኔ የቴሲስ ፈታኝ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቅሽ ይህንን ነው። ለዚህ ሥራ ቪዳክ ይሻላል፣ 32 አካባቢ ነው፣ የሚቶኮንድሪያው የውጭ ሽፋን ላይ ያለ ፕሮቲን። ቦታው አይጋጭም። በዚያ ላይ ጥያቄሽን ያስተካክለዋል፦ ፒዲኤች የቀነሰው በየሚቶኮንድሪያው ነው ወይስ ሚቶኮንድሪያው ራሱ አንሶ? አክቲን ይህን አይነግርሽም።

ወደ ፎስፎው፣ በፎስፌት የተዘጋውን ወደ መለካት፣ ስትሄጂ ሌላ ዓለም ነው። ሴሪን 293 ላይ ፎስፌት ሲቀመጥ ኢንዛይሙ ይዘጋል። የሚያስቀምጠው ፒዲኬ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ በስኳር በሽታ ፒዲኬ4 ስለሚጨምር መጨመሩን ትጠብቂያለሽ። ግን ፎስፌቱ ጉበቱ ከአይጧ ከወጣ በኋላም ይንቀሳቀሳል። ፎስፋቴዝ የሚባለው ሌላ ኢንዛይም ያነሳዋል፣ ኦክስጅን ያጣው ቲሹም የራሱን ያደርጋል። ስለዚህ አይጧን ሰውታችሁ፣ ጉበቱን ሳህን ላይ አድርጋችሁ፣ መዝናችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ከሆነ ወደ ላይሴት የምትሄዱት ቁጥሩ የሻዩ ነው። ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን። የለንም ካላችሁ የከብት ማዳቀል የሚሠሩ ሰዎች ጋ አለ፣ በትህትና ጠይቁ። በፈሩ ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድ ለፎስፋቴዙ፣ ዳይክሎሮአሴቴት ለፒዲኬው፣ ሁለቱም ይግቡ። ብሎኪንጉ ደግሞ ወተት አይሁን፣ የወተቱ ኬዚን ራሱ ፎስፎ ፕሮቲን ነው። ቢኤስኤ (የከብት ደም አልቡሚን) ይሁን።

እና ያ የሱቅ ወተት ሙሉ ቅባት ያለው ከሆነ ለጠቅላላው ፒዲኤችም ቢሆን ጀርባው ይጨልምባችኋል። ስኪም ፈልጉ።

አዘዞ_ሰፈር፦
ወተት አትበይኝ። በዐቢይ ጾም የዱቄት ወተት ይዤ ስገባ የጥበቃው ጋሼ አይተውኝ "ልጄ፣ ሁዳዴ እኮ ነው" አሉኝ። ለሜምብሬን ነው ብላቸው ማን ይመነኛል።

ቁም ነገር ልጠይቅ፦ እነዚያ የባዮቲን ባንዶች ሁልጊዜ ካሉ፣ እነሱኑ ለሚቶኮንድሪያ መቆጣጠሪያ ብንጠቀምባቸውስ? ቪዳክ መግዛት ቀረ ማለት ነው።

ባንድ_አዳኝ፦
ጥያቄው ጥሩ ነው። የሚያደርጉት ሰዎችም አሉ። ለሷ ግን አይሆንም። ፒሩቬት ካርቦክሲሌዝ ጉበት ከፒሩቬት ተነስቶ ግሉኮስ ሲሠራ የሚገባበት በር ነው፣ በስኳር በሽታ ይጨምራል። ያ ማለት መለኪያዋ ራሱ ከበሽታው ጋር ይንቀሳቀሳል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ፒዲኤችና ፒሩቬት ካርቦክሲሌዝ ለአንዱ ፒሩቬት የሚሻሙ ናቸው። አንዱን በሌላው ማካፈል ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያጋንነዋል። ጤነኛ አይጥ ላይ፣ ያው ዓይነት ቲሹ ላይ ከሆነ፣ እሺ።

ደንቢያ_ልጅ፦
አንድ ነገር አልገባኝም። እሺ 75 እና 130 ወጡ ብለን እንተዋቸው። የቀረችው 43 በእርግጥ ፒዲኤች መሆኗን በምን አወቅን? ሻጩ ስላለ? ሻጭ ምን የማይለው አለ። በ2023 የወጣ አንድ ትልቅ ሥራ ለ65 ፕሮቲኖች የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን ዒላማው ከተነቀለባቸው ሴሎች ጋር ጎን ለጎን ፈትኗቸው ብዙዎቹ ወድቀዋል። ከወደቁት ብዙዎቹ ደግሞ በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ውጤት የተባለባቸው ናቸው።

ባንድ_አዳኝ፦
ደንቢያ፣ እጅህን ስጠኝ። በ2016 ለዚህ አምስት መንገዶች ቀርበዋል፦ ጂኑን አጥፍቶ ማየት፣ አንቲቦዲ በማይጠቀም ሌላ ዘዴ ማወዳደር፣ ሌላ ቦታ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ ምልክት የተለጠፈበትን ፕሮቲን ማስመረት፣ የተያዘውን በማስ ስፔክትሮሜትሪ መለየት። ጎንደር ላይ ሆነሽ ከነዚህ የምትችይው ጥቂቱን ነው። ጂኑ የጠፋበት የሴል ላይሴት በቱቦ ይሸጣል፣ ትንሽ ይበቃል፣ ከሌላ ላብ ጋር ተካፍላችሁ ግዙ።

ለሚቶኮንድሪያ ፕሮቲን ግን የድሃ መፈተኛ አለ፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ትኩስ ጉበት በ250 ሚሊሞላር ሱክሮስ፣ በረዶ ላይ፣ ቀስ ብለሽ ፍጪ። በ600 ጂ 10 ደቂቃ አሽከርክሪ፣ ኒውክለስና ያልተፈጨው ይወርዳል። የላዩን ውሰጂ፣ በ10,000 ጂ 10 ደቂቃ። የታችኛው ዝቃጭ ሚቶኮንድሪያው ነው፣ የላዩ ሳይቶሶል። ከሁለቱም እኩል ፕሮቲን ጫኚ። 43ቷ ዝቃጩ ላይ ደምቃ ሳይቶሶሉ ላይ ከጠፋች፣ ቪዳክም አብሯት ከሄደ፣ ቢያንስ ቤቷን አውቀናል። ኢ1 አልፋ የሚመረተው ከሚቶኮንድሪያ ውጭ ነው፣ ሲገባ ጫፉ ላይ ያሉት 29 አሚኖ አሲዶች ይቆረጡና ማትሪክስ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱም ቦታ እኩል ከታየች ግን ጥያቄ አለ። በተለይ አክቲን ከነበረች እዚህ ትጋለጣለች፣ በብዛት ሳይቶሶሉ ላይ ነው የምትቀረው።

ፎስፎውን ደግሞ ላይሴቱን ለሁለት ከፍለሽ አንዱን ላምዳ ፎስፋቴዝ አጠጪው፣ ለዚህኛው ግን ፎስፋቴዝ ማገጃ በሌለው በፈር አዘጋጂው። ባንዱ ከጠፋ ፎስፌቱን ነው የሚያየው። ካልጠፋ ተይው።

የቀሃዋ፦
ሰኞ አላልኩም? ቆረጥኩት።

ስትሬፕታቪዲን ብቻ ያገኘችው ቁራጭ 75ቷንም 130ዋንም ቁልጭ አድርጋ አወጣች። ፕራይመሪ የለ፣ ሰከንደሪ የለ። ኢሲኤል ብቻ ያገኘችው ነጭ ናት። ሙሉውን ያገኘችው ቁራጭ ላይ 43ቷ የምትታየው ረጅም ኤክስፖዠር ሲሰጣት ብቻ ነው። አድቫይዘሬ አራቱን ቁራጭ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩና "ይህን ለአንደኛ ዓመቶቹ አሳዪያቸው፣ ፎቶውን ላኪልኝ" አሉ። ስለ ማዘዙ ሁለተኛ አልተነሳም።

ከጎረቤት ላብ ኤችአርፒ የተለጠፈበት ጸረ ጥንቸል ሰከንደሪ ለመንኩ። 1 ለ5000። 43 ላይ አንድ ጠንካራ ባንድ፣ በሁሉም ጉድጓድ። ያ መንገድ ላይ የቀለጠው ቱቦ ነው እንግዲህ። 50 ላይ ግን ቀጭን ጥላ አለች፣ በአንዳንዱ አይጥ ትጎላለች፣ በአንዳንዱ የለችም። እሷ ማናት?

ባንድ_አዳኝ፦
እሰይ! 50ዋ ያለ ፕራይመሪ ቁራጭ ላይም አለች?

የቀሃዋ፦
አለች። ደብዘዝ ብላ።

ባንድ_አዳኝ፦
እንግዲያው ጉበቱ ውስጥ የቀረ ደም ነው የምጠረጥረው። የአይጧ የራሷ አይጂጂ ከባዱ ሰንሰለት 50 ላይ ነው፣ ሰከንደሪሽ በትንሹ ይነካዋል። ለዚህ ነው ከአይጥ አይጥ የሚለያየው፣ አንዷ ብዙ ደም ቀርቶባታል። ከአይጥ አይጂጂ ጋር እንዳይጋጭ የተጣራ ሰከንደሪ ይሸጣል። ካልሆነ የሚቀጥሉትን አይጦች ጉበቱን ከማውጣትሽ በፊት በፖርታል ቬኑ በኩል በቀዝቃዛ ሳላይን እጠቢው፣ ቀይነቱ ጠፍቶ ገረጣ እስኪል። ግን ለፎስፎ የምትፈልጊውን ቁራጭ ከመታጠቡ በፊት አስረሽ ቁረጪና ናይትሮጅን ውስጥ ጨምሪው።

ፒያሳ_ኬሚስት፦
የቀሃዋ፣ ቪዳክ አንቲቦዲ እኔ ጋ አለ፣ የጥንቸል ነው፣ ሰከንደሪሽ ይሠራለታል። 20 ማይክሮሊትር እሰጥሻለሁ። ሜምብሬኑን 37 አካባቢ ላይ አግድም ቆርጠሽ ላይኛውን ለፒዲኤች፣ ታችኛውን ለቪዳክ አድርጊው፣ ማጠብ መልሶ ማድረግ የሚባል ነገር የለም። ረቡዕ ከሰዓት ማራኪ ግቢ ነኝ፣ በረዶ ይዘሽ ነይ።

አዘዞ_ሰፈር፦
እኔም ረቡዕ እመጣለሁ። ለኔም 20 ይኖራል?

ፒያሳ_ኬሚስት፦
አንተ መጀመሪያ ስኪሙን ይዘህ ና።